በ12 ብሎኬት የሚሠራ የአትክልት መደብ፦ ምን ያበላል? ምን አያበላም?

የኮንዶሚኒየም ግቢ ጥግ፣ የኪራይ ቤት በር ፊት ለፊት፣ ወይ የቆርቆሮ አጥር ስር ያለች ባዶ ቦታ። አብዛኞቻችን ከተማ ውስጥ ያለችን መሬት ይቺው ናት። በሜትር ብንለካት አንድ ከምናምን በአንድ ከምናምን ብትሆን ነው።

ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ደግሞ እንዲህ ባለች ቦታ ላይ የተሠራ የእንጨት ሳጥን፣ ውስጡ በገመድ እንደ ዳማ ሰሌዳ የተከፋፈለ፣ ከላዩ አትክልት የተትረፈረፈበት ቪዲዮ ሞልቷል። አንዳንዱ «ከዚህ በኋላ አትክልት አትገዙም» ይላል።

እውነት ነው ወይ? መልሱን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ፦ ግማሹ እውነት ነው። የሽንኩርት ወጪያችሁን አይቀንስም። የቆስጣና የሰላጣ ጥያቄን ግን በደንብ ይመልሳል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ፣ መደቡ አዲስ አበባ ላይ በምን እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚከሽፍ አንድ በአንድ እንየው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

ይህን አሠራር ያስፋፋው ሜል ባርተሎሜው የሚባል አሜሪካዊ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ወደ አትክልት ሥራ ገባና አንድ ነገር ከነከነው። ሰዎች በትንሽ ግቢያቸው ውስጥም ልክ እንደ ሰፊ እርሻ ረጅም መስመር አውጥተው ይዘራሉ። በመስመሮቹ መሃል ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋሉ። ከዚያ ያን ባዶ ቦታ ውሃ ያጠጡታል፣ ይረግጡታል፣ አረሙን ሲነቅሉ ይከርማሉ። የመስመር ርቀት ለትራክተርና ለበሬ ይጠቅም ይሆናል፤ በእጅ ለሚሠራ ሰው ግን ምን ይሠራለታል?

መልሱን በ1981 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው፤ በኋላም በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ፕሮግራም ሠራበት። ዘዴው አጭር ነው። 4 ፉት በ4 ፉት የሆነ መደብ ይሠራል። አንድ ፉት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ 120 በ120 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ውስጡ በ16 እኩል ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሰብል ይኖረዋል። ከየትኛውም ጎን ቆመን እጃችንን ስንዘረጋ መሃሉ ድረስ ስለሚደርስ አፈሩን ማንም አይረግጠውም። ያልተረገጠ አፈር ደግሞ አይጠጥርም፤ ሥርና ውሃ በቀላሉ ይገባበታል።

በነገራችን ላይ እዚህ አገር «ካሬ» ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ወደ ቦታ ዋጋ ስለሚሄድ፣ በዚህ ጽሁፍ ውስጥ 16ቱን «ክፍል» እያልን እንጠራቸዋለን።

ቁጥሩ እንዴት ነው?

በአንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተክል ይገባል የሚለው የሚወሰነው ሰብሉ በሚፈልገው ርቀት ነው። አራት ቁጥር ብቻ መያዝ ይበቃል።

▪️ 1 ተክል፦ የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። እነዚህ በዙሪያቸው 30 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋሉ።
▪️ 4 ተክል፦ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላ። በመሃላቸው 15 ሳንቲ ሜትር።
▪️ 9 ተክል፦ ቀይ ሥር፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፎሶሊያ። በመሃላቸው 10 ሳንቲ ሜትር።
▪️ 16 ተክል፦ ካሮትና ፍጅል። በመሃላቸው ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር።

ክፍሉን በጣት አራት ቦታ መክፈል፣ ዘጠኝ ቦታ መክፈል፣ በቃ። ሜትር መያዝም አያስፈልግም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ

ቪዲዮዎቹ የሚዘሉት ነገር እዚህ ጋ ነው። ሽንኩርት ውድ ነውና 16ቱንም ክፍል ቀይ ሽንኩርት እንተክላለን እንበል። 16 ክፍል በ9 ሲባዛ 144 ሽንኩርት። አንድም ሳይበላሽ፣ አንድም ሳይጠፋ ማለት ነው። ቀይ ሽንኩርት ከዘር እስከ ራስ አራት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በቀን አራት ራስ ሽንኩርት የሚጨርስ ቤት ይህን ሁሉ በ36 ቀን ያጠፋዋል። መሃል ላይ አንድ የዶሮ ወጥ በዓል ከገባ ደግሞ ቀኑ ከዚህም ያጥራል። ከአራት ወር በላይ ጠብቀን ከአንድ ወር ብዙም የማይዘል ወጥ ማለት ነው።

ድንችም እንደዚያው ነው። ቦታ ይይዛል፣ ወራት ይፈጃል፣ አንዴ ከተነቀለ አለቀ።

ቆስጣን እንይ። በአንድ ክፍል 4 እግር ነው። ከተተከለ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው የውጪ የውጪውን ቅጠል መቁረጥ ይጀመራል። መሃሉ ላይ ያለው ቡቃያ ካልተነካ መልሶ ያወጣል። ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይቆረጣል። እንዲህ እያለ ለወራት ይዘልቃል። ጎመንም ከታች ወደ ላይ ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ረጅም ጊዜ ይቆያል። አንዱ ሰብል አንዴ ይሰጠንና ክፍሉን ባዶ አድርጎ ይሄዳል፤ ሌላው እዚያው ቆሞ በየሳምንቱ ይሰጠናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ በትንሽ መደብ ላይ የሚተከለው ውድ የሆነው ሳይሆን ደጋግሞ የሚቆረጠው ነው። ሽንኩርቱን ለገበሬው እንተውለት።

ቅጠል ለምን ቅድሚያ ያገኛል?

ከሒሳቡ ሌላ ጤናም አለበት። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል የተወሰነው የሚመረተው በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ዳር ነው። ወንዞቹ የቤት ፍሳሽም የፋብሪካ ፍሳሽም ይገባባቸዋል። በዚያ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ ባለፉት ዓመታት የተሠሩ የተለያዩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ክሮሚየም የቆዳ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ኬሚካል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንለይ። ጀርምና ጭቃ በደንብ በማጠብ ይቀንሳል፤ በማብሰል ደግሞ ጀርሙ ይሞታል። ተክሉ በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባው ብረት ግን ታጥቦ አይሄድም። ሰላጣ ደግሞ ሳይበስል የሚበላ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እናምርት ከተባለ ሰላጣ ቢቀድም ያስኬዳል።

ጣታችንን ወንዝ ዳር በሚያመርቱት ሰዎች ላይ እየቀሰርን አይደለም። ወንዙን ያቆሸሸው ከተማው ነው፤ እነሱ ያገኙትን ውሃ ነው የተጠቀሙት። እኛ የምንለው በቧንቧ ውሃና ከየት እንደመጣ በምናውቀው አፈር አንድ ሳህን ሰላጣ ማብቀል ይቻላል ነው።

ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው የመደቡ አፈር ንጹህ ሲሆን ብቻ ነው። አፈሩን ከወንዝ ዳር፣ ከጋራዥ አካባቢ፣ ከትልቅ መንገድ ጠርዝ ወይም ቆሻሻ ይቃጠልበት ከነበረ ቦታ ካመጣነው ችግሩን በራሳችን እጅ ቤታችን አስገባነው ማለት ነው።

መደቡን በምን እንሥራው?

መጽሐፉ ጣውላ ይላል። ጣውላ ውድ ነው፤ ምስጥም አለ። አሮጌ ቀለም የተቀባ እንጨት ደግሞ ቀለሙ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ለሚበላ ነገር አይሆንም። ብሎኬት ግን በየሠፈሩ አለ።

በየሠፈሩ የሚመረተው ብሎኬት ርዝመቱ 40፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ውፍረቱ 10 የሆነውን እንውሰድ። በእያንዳንዱ ጎን 3 ብሎኬት፣ በአራቱም ጎን 12 ብሎኬት። አንዱ መስመር ሲያልቅ ቀጣዩ መስመር ጎኑ ላይ ተደግፎ እንዲጀምር አድርጋችሁ በአንድ አቅጣጫ አዙሩት። እንዲህ ሲደረደር ውስጡ 110 በ110 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እያንዳንዱ ክፍል ከ27 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ከመጽሐፉ በሦስት ሳንቲ ሜትር ብታንስ ጎመኑ አይከሰንም።

ሲሚንቶ አያስፈልገውም፤ እንዳትጠቀሙም እንመክራለን። ምክንያቱም ብዙዎቻችን ተከራይ ነን። ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ብሎኬት ቤት ስንቀይር ፈርሶ፣ አፈሩም በጆንያ ተሞልቶ ከዕቃ ጋር ይጫናል። አከራይን ማስፈቀድም ይቀላል፤ የሚቆፈር፣ የሚሰበር፣ የሚለጠፍ ነገር የለውማ። ግንባታ ያለበት ሠፈር ከሆናችሁ የተሸራረፈ ብሎኬት በርካሽ ይገኛል። ሥራውን በደንብ ይሠራል።

ቦታው አፈር ከሆነ ብሎኬቱን ከመደርደራችሁ በፊት መሬቱን በዶማ ፈታ አድርጉት። ከላዩ ካርቶን አንጥፉ። ካርቶኑ አረሙን ያፍነዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ራሱ በስብሶ አፈር ይሆናል። ፕላስተሩንና ስቴፕለሩን ግን አንሱለት። ቦታው ሲሚንቶ ወለል ከሆነ ደግሞ ውሃ መውጫ እንዲኖረው በብሎኬቶቹ መሃል ትንሽ ትንሽ ክፍተት ተዉ።

ሰገነት ላይ ለምታስቡ፦ ተጠንቀቁ። ይህ መደብ ሲሞላ 240 ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። ውሃ ሲጠጣ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል፤ ሊበልጥም ይችላል። ብሎኬቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ይህን መከመር አደጋ ነው። በረንዳ ብቻ ያላችሁ ሰዎች አንዷን ክፍል ነጥላችሁ ሥሩ። ከታች ቀዳዳ የተበጀለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን የአንድ ክፍልን ሥራ ይሠራል። እነዚህን በግድግዳው ጥግ ጥግ አራርቃችሁ አስቀምጡ።

አፈሩ፦ ገንዘቡ የሚፈሰው እዚህ ነው

ባርተሎሜው በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ አፈር ሳይሆን ሦስት ነገር እኩል እኩል ቀላቅሉ ይላል፦ ፒት ሞስ፣ ቨርሚኩላይትና ኮምፖስት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እዚህ በየሱቁ የሚገኙ አይደሉም። ፒት ሞስ ከረግረጋማ ቦታ እየተቆፈረ የሚወጣ ስለሆነ ራሳቸው አገር ላይም ያከራክራል። እኛ የሚያስፈልገን ስማቸው ሳይሆን ሥራቸው ነው፦ አንዱ ውሃ ይይዛል፣ አንዱ አየር ያስገባል፣ አንዱ ይመግባል።

በአካባቢያችን በሚገኘው እንዲህ ማድረግ ይቻላል። መደቡ 12 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስለሚይዝ ለሦስት እናካፍለው።

▪️ 4 ጀሪካን ጥሩ የላይ አፈር። ቀይ አፈር ቢሆን ይመረጣል። መረሬ ከሆነ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ሲረጥብም ጭቃ ስለሚሆን መጠኑን ቀንሳችሁ ሌሎቹን ጨምሩ።
▪️ 4 ጀሪካን በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም የቆየ ፍግ።
▪️ 4 ጀሪካን ደቃቅ ሬድ አሽ። ለመንገድና ለግንባታ ሙሌት የሚጠቀሙበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃም አየርም ይይዛል። ትልልቁን በወንፊት አውጡት። ከሌለ አሸዋ ይተካዋል፤ አሸዋ ግን ውሃ አይዝም፤ ክብደቱም ይጨምራል።

ፍግ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ትኩስ አዛባና ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል፤ ጀርምም ይይዛል። ሳይበስል ለሚበላ ሰላጣ በፍጹም አይሆንም። ቢያንስ ለጥቂት ወራት ተከምሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ ጥቁርና ፍርክስክስ ያለ ሲሆን ነው የሚገባው።

ኮምፖስቱን ራሳችሁ ብታዘጋጁ ትልቁ ወጪ ይቀንሳል። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊት ከደረቀ ቅጠልና ከተቀዳደደ ካርቶን ጋር እያፈራረቁ መከመር ነው። ሥጋ፣ ቅባትና የተረፈ ወጥ አይጥ ስለሚጠራ አይገባም። የባህር ዛፍ ቅጠል ደግሞ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሌላ ተክልም ስለሚያቀጭጭ አታብዙት።

16ቱን ክፍል እንዴት እንመድብ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው እኛ ያወጣነው ድልድል ይህን ይመስላል፦

▪️ 4 ክፍል ቆስጣ = 16 እግር
▪️ 4 ክፍል የአበሻ ጎመን = 4 እግር
▪️ 3 ክፍል ሰላጣ = 12 እግር
▪️ 1 ክፍል ካሮት = 16
▪️ 1 ክፍል ቀይ ሥር = 9
▪️ 1 ክፍል ቃሪያ = 1 እግር
▪️ 1 ክፍል ድንብላል ለቅጠሉ
▪️ 1 ክፍል በሶብላ = 4 እግር

ከ16ቱ አብዛኛው ደጋግሞ የሚቆረጥ ወይም ቶሎ የሚደርስ ቅጠል ነው። የጥብስ ቅጠል የምትወዱ ለብቻው በማሰሮ ትከሉት፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ቁጥቋጦ ስለሚሆን መደቡን ይወርሰዋል።

ሦስቱን የሰላጣ ክፍሎች በአንድ ቀን እንዳትሞሏቸው። ይህ ሁለተኛው ሕግ ነው። 12 ሰላጣ በአንድ ቀን ከተከላችሁ 12ቱም በአንድ ሳምንት ይደርሳሉ። ሁለቱን ትበላላችሁ፣ ሁለቱን ለጎረቤት ትሰጣላችሁ፣ ሌላው አበባ አውጥቶ ይመርራል። ዛሬ አንድ ክፍል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛውን። እንዲህ ሲሆን ሁልጊዜ የሚቆረጥ አለ፣ ሁልጊዜ የሚያድግ አለ። መደቡ በክፍል የተከፋፈለበት ዋናው ጥቅምም ይሄ ነው፤ ገመዱ ለውበት አይደለም፣ «ዛሬ ይቺን ብቻ» እንዲለን ነው።

ዘር ስንዘራ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል። ሁሉም ከበቀሉ ጠንካራውን ትቶ ሌላውን በመቀስ መቁረጥ ነው፤ መንቀል የቀሪውን ሥር ይነካል። ካሮት እዚያው ተዘርቶ ነው የሚያድገው፤ ችግኙን ማዛወር ሥሩን ያጣምመዋል። 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ስላለን አጭርና ወፍራም የሆነውን የካሮት ዓይነት፣ ለምሳሌ ቻንተናይ፣ ምረጡ።

አንድ እሽግ ዘር ለዚህ መደብ በጣም ብዙ ነው። ሦስት አራት ጓደኛ ሆናችሁ ግዙና ተካፈሉት። በየወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ስላሉም ዘርና ችግኝ መኖሩን ጎራ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈርስ?

ይህን የሚያህል መደብ በበጋ ፀሐይ በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሦስት ቀን ማለት ነው። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ለሚመጣበት ቤት ሁለት ጀሪካን ተጨማሪ መያዝ ይጠይቃል። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ግማሽ መደብ ሥሩ፤ ከሚደርቅ 16 ክፍል የሚለመልም 8 ክፍል ይሻላል።

አትክልት ያጠባችሁበትን ውሃ ጣሉት አንልም፤ ወደ መደቡ ውሰዱት። ኦሞ ወይም ሳሙና ያለበትንና ጨው ገብቶ የተቀቀለበትን ውሃ ግን አትጠቀሙ። ጨው አፈር ውስጥ ይጠራቀማል።

ውሃ ለመቆጠብ ትልቁ ዘዴ አፈሩን ማልበስ ነው። ጭድ ወይም የደረቀ ሣር በተክሎቹ መሃል ሁለት ጣት ያህል አንጥፉ። የበዓል ቄጤማ አብቅቶ ሲጠረግ ከቆሻሻ ጋር ከመጣል አድርቆ ለዚህ ማዋል ነው። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ከቅጠሉ ሳይሆን ከሥሩ አጠጡ።

ፀሐይና ወቅት

የፍሬ ሰብል በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ አራት ሰዓት ካገኙም ይኖራሉ። ግቢያችሁ ጥላ ከሆነ ይህም ቅጠል ለመምረጥ ሌላ ምክንያት ነው።

የውጪ መጽሐፍ «ረጃጅሙን ተክል በሰሜን በኩል ትከሉ» ይላል፤ ሌላውን እንዳይጋርድ። እኛ ጋ ይህ የሚሠራው ከግማሽ ዓመት ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ምክሩ ልክ ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ግን በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ ክረምት ሲመጣ የድጋፍ እንጨት የሚፈልገውን ረጅም ተክል ቦታ ማቀያየር ይቻላል።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሁሉ ነገር ከእሽጉ ላይ ከተጻፈው ቀን ትንሽ ይዘገያል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ ቲማቲምና ቃሪያን ያቀጭጫል፤ ቆስጣና ጎመን ግን ይችሉታል። በክረምት ቲማቲም ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያጠቁር የሻጋታ በሽታ ይይዘዋል፤ ለጀማሪ አይመከርም። መደቡ ከፍ ያለ ስለሆነ ዝናቡ አይተኛበትም፤ ይህ ጥሩ ነው። በረዶ ሲጥል ግን ሰላጣውን በደቂቃ ይበሳሳዋል። አሮጌ መጋረጃ ወይም የጥላ መረብ በአራት ዱላ ላይ መወጠር ያድነዋል።

ለሁዳዴ ቆስጣ ይድረስልን የምትሉ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ዝሩ። የጾሙ መግቢያ ላይ መቁረጥ ትጀምራላችሁ።

እነማን ይበሉብናል?

ጎመን ላይ ከቅጠሉ ሥር የሚከማች ግራጫ ቅማል ይመጣል። በጊዜ ከተደረሰበት በውሃ ግፊት ማራገፍ ይበቃል፤ ካልሆነ ትንሽ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ከቅጠሉ ሥር መርጨትና በማግስቱ በንጹህ ውሃ ማጠብ። በክረምት ቀንድ አውጣ አለ፤ ማታ በስልካችሁ መብራት እየፈለጋችሁ በእጅ ልቀሙት። ቆራጭ ትል ደግሞ አዲስ ችግኝን ከአፈሩ ጋር እኩል ይቆርጠዋል፤ በችግኙ ዙሪያ ከካርቶን የተሠራ ቀለበት ማቆም ይከላከለዋል።

መደቡ ትንሽ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። 16 ክፍል ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ የሚታይ ተክል ላይ ተባይ ሠርግ አይደግስም። ፀረ ተባይ ኬሚካል ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ንጹህ ቅጠል ብለን የጀመርነው ሥራ ነውና። የጎረቤት ዶሮ ካለ ግን ሌላ መፍትሔ የለም፣ ሽቦ ወንፊት ግዙ።

አንድ ክፍል ባዶ ሲሆን ሁለት ሦስት እፍኝ ኮምፖስት ጨምሩና በሌላ ዓይነት ሰብል ተኩት። ካሮት ከነበረ ሰላጣ፣ ጎመን ከነበረ ቀይ ሥር። አንድ ዓይነት ሰብል እዚያው ላይ ከተደጋገመ በሽታውም እዚያው ይደጋገማል።

ታዲያ ያዋጣል?

ዋጋ አልጻፍንም፤ ዛሬ የጻፍነው በሳምንቱ ይቀየራልና። እናንተ ግን በስልካችሁ ካልኩሌተር ልታወጡት ትችላላችሁ። ቤታችሁ በሳምንት ስንት እስር ቆስጣ፣ ጎመንና ሰላጣ ይገዛል? በእናንተ ሠፈር ዋጋ አባዙት። ከዚያ የብሎኬቱን፣ የሬድ አሹን፣ የፍጉንና የዘሩን ወጪ ደምሩ። ሁሉንም በሙሉ ዋጋ ከገዛችሁ በመጀመሪያው ዓመት ወጪያችሁ ላይመለስ ይችላል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። የተሸራረፈ ብሎኬት ካገኛችሁ፣ ኮምፖስቱን ራሳችሁ ካዘጋጃችሁና ዘሩን ከተካፈላችሁ ታሪኩ ይለወጣል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ብሎኬቱም አፈሩም የእናንተ ነው፤ ወጪው ዘርና ውሃ ብቻ ይሆናል።

ገንዘቡ ብቻውን ካላሳመናችሁ፣ ማሳመን የለበትምም። ይህ መደብ ሥራ አጥነትን አይፈታም፣ የገበያ ዋጋ አያወርድም፣ ቤተሰብም አይቀልብም። የሚያደርገው አንድ የታወቀ ነገር ነው፦ ከየት እንደመጣ፣ በምን ውሃ እንዳደገ የምታውቁትን ቅጠል ማታ ቆርጣችሁ ማታውኑ ትበሉታላችሁ።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ 12 ብሎኬት ፍለጋ አትውጡ። በዚህ ሳምንት አንድ የተቀደደ ባልዲ ፈልጉ፣ ከታች ቀዳዳ አብጁለት፣ አፈርና ኮምፖስት ሙሉበት፣ አራት ቆስጣ ትከሉበት። አንድ ክፍል ማለት እሱ ነው። ለሁለት ወር ውሃውን ሳትረሱ ካደረሳችሁት 15ቱን ለመጨመር አታመነቱም። ከረሳችሁትም የጠፋው አንድ ባልዲ አፈር ነው።

ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ በየትኛው ሠፈር ምን እንደተሳካላችሁና ምን እንዳስቸገራችሁ ጻፉልን። በተለይ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ብትነግሩን ለብዙ ሰው ይጠቅማል።